እጅ መንሣት እንጂ ስግደት አይደለም፤ ስለ እስያ ማርሻል አርት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብብና ንገረኝ» ብሎ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ካራቴ፣ ስለ ኩንግ ፉና ስለ ጁዶ ነው። ወዳጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ሰፈራቸው ካለው አዳራሽ ቴኳንዶ ልመዝገብ እያለ ይጨቀጭቀዋል። አባት ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ ፈርቷል።

ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ግን ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል። ነጥቦቹ በፈረንጅ መጽሔትና ፊልም ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። የእስያ ማርሻል አርት ሁሉ ሻውሊን ከሚባለው የቻይና ገዳም መነኮሳት የመጣና ሳይለወጥ የኖረ ጥንታዊ ነገር ነው። ካራቴን የፈጠሩት መሣሪያ የተነጠቁ የኦኪናዋ ገበሬዎች ናቸው፤ ሳሙራይ የሚባለውን የጃፓን ጦረኛ ለመግደል። ጥቁር ቀበቶ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከጀርባው ለተራ ሰው የማይገለጥ ምስጢራዊ ኃይል አለ። ይህም ሆኖ ኤምኤምኤ የሚባለው፣ የፍልሚያ ዓይነቱ ሁሉ የሚቀላቀልበት ግጥሚያ ሲመጣ ሁሉም ከንቱ መሆኑ ተጋለጠ። የመጨረሻው ደግሞ ወዳጄን ያስፈራው ነው። ተማሪዎቹ ለአስተማሪውና ለግድግዳው ይሰግዳሉ፤ ስለዚህ ልጅን እዚያ መላክ ለባዕድ አምልኮ መስጠት ነው ይላል።

ልብ በሉ፤ ምስጢራዊ ኃይል አለው የተባለው ነገር ወዲያው ከንቱ ነው ተባለ። እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? ይህ ግን የጸሐፊው ብቻ ጥፋት አይደለም። ፈረንጅ ይህን ነገር ሲያይ ወይ አስማት ነው ይላል፣ ወይ ማጭበርበሪያ። በታወቀ ዘመን፣ የታወቁ ሰዎች፣ ለታወቀ ዓላማ ያበጁት ሙያ መሆኑ አይታየውም። አብዛኛው ስህተት ከክፋት ሳይሆን ከትርጉም የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ቃላቱን እየፈታሁ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሻውሊን ልጀምር። ገዳሙ በቻይና ሄናን ግዛት፣ ሶንግ ተራራ ላይ፣ በ495 ተመሠረተ። መነኮሳቱ መዋጋታቸውም እውነት ነው። በ621 አሥራ ሦስት መነኮሳት ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ሊ ሺሚንን እንደረዱት፣ በ728 የቆመ የድንጋይ ጽሑፍ እዚያው ገዳሙ ውስጥ ይመሰክራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመንም የባሕር ጠረፉን ያስቸግሩ ከነበሩ ወንበዴዎች ጋር ተዋግተዋል። በምን? በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነው በዱላ ነው። አዎ፣ በዱላ። ፊልም ላይ የምናየው የባዶ እጅ ፍልሚያ ገዳሙ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦዲዳርማ የሚባል መነኩሴ ከህንድ መጥቶ ኩንግ ፉን አስተማረ የሚለውስ? የዚህ ታሪክ ሥር በ1624 የተጻፈ የሰውነት ማጠንከሪያ መጽሐፍ ነው። መነኩሴው ኖረ ከሚባልበት ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው። ታንግ ሃው የተባለ ቻይናዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1930 ገደማ ታሪኩ መሠረት የለውም ብሎ ጽፏል። ቻይናዊ ምሁር ከዘጠና ዓመት በፊት የጣለውን ተረት እኛ ዛሬ እንደ ትኩስ ዜና እንቀበላለን።

«ኩንግ ፉ» የሚለውን ቃልም ጽሑፉ «የመነኮሳት ፍልሚያ» ብሎ ተርጉሞታል። ቃሉ በቻይንኛ ጊዜና ልፋት የወሰደ ችሎታ ማለት ነው። ሻይ በጥንቃቄ አፍልቶ የማቅረብ ሥርዓት እንኳ «ጎንግፉ ሻይ» ይባላል። አማርኛ ለዚህ ደህና ቃል አለው፤ ሙያ። እናቶቻችን «ሙያ አላት» ሲሉ ሽንኩርቱን ሳትቸኩል የምታቁላላውን ሴት ነው። እና ዶሮ ወጥ የሚዋጣላት ሴት ኩንግ ፉ አላት ቢባል ቻይናዊው ቅር የሚለው አይመስለኝም።

የኦኪናዋ ገበሬዎች ታሪክ በጣም ያምራል። ገበሬው በባዶ እግሩ ዘሎ ፈረሰኛውን ሳሙራይ ከኮርቻው ያወርደዋል። እኔም ልጅ ሆኜ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተቀምጠን፣ አምኜው ነበር።

ዛሬ የጃፓን ደሴት የሆነው ኦኪናዋ ድሮ ሪዩኪዩ የሚባል ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ከ1477 እስከ 1526 የነገሠው ሾ ሺን የመኳንንቱን መሣሪያ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሰበሰበ። በ1609 ደግሞ ሳትሱማ የተባለው የጃፓን ግዛት ጦር ወረራቸው። ተረቱ የተሠራው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ችግሩ፣ ስማቸው የሚታወቅ የድሮ የካራቴ ሰዎች ገበሬዎች አለመሆናቸው ነው። ማትሱሙራ ሶኮን የሪዩኪዩ ነገሥታት ጠባቂ ነበር። ከእሱ የተማረው ኢቶሱ አንኮ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነበር። በእኛ አነጋገር ባለሟሎች እንጂ ባላገሮች አልነበሩም። ጥበቡም ብዙው የገባው ከቻይና ጋር በነበረው የንግድና የመልእክተኛ ግንኙነት ነው። ስሙም ይህን አይደብቅም ነበር። ካራቴ ድሮ ሲጻፍ «የቻይና እጅ» ተብሎ ነው።

ኢቶሱ በ1901 ገደማ ካራቴን ወደ ኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች አስገባው። በ1908 ደግሞ ለትምህርት ኃላፊዎች አሥር ነጥብ ያለው ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የሚከፍተው ካራቴ ከቡድሂዝምም ከኮንፊሽየስ ትምህርትም የመጣ አይደለም በሚል ነው። ይህን ያለው ተጠራጣሪ ፈረንጅ አይደለም። ዛሬ ብዙ የካራቴ ቤቶች አባታችን የሚሉት ሰው ነው። ዓላማው የተማሪዎችን ሰውነት ማጠንከር፣ ለውትድርና የሚበቃ ጎረምሳ ማፍራት ነበር። መነኩሴ የት ገባ? የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው እኮ።

ከዚያ በ1922 ፉናኮሺ ጊቺን ካራቴን ቶኪዮ ወስዶ አሳየ። እሱም የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ነጩ ልብስና ዳን የሚባለው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ከጁዶ ተወሰዱ። «የቻይና እጅ» የሚለው አጻጻፍም «ባዶ እጅ» በሚል ተተካ። ድምፁ ያው ነው፤ የተለወጠው ፊደሉ ብቻ። የኦኪናዋ መምህራን ናሃ ከተማ ተሰብስበው አዲሱን አጻጻፍ የተቀበሉት በ1936 ነው። በዓመቱ ጃፓን ከቻይና ጋር ለየለት ጦርነት ገባች። በዚያ አየር ውስጥ የቻይናን ስም ተሸክሞ መዞር አያዋጣም ነበር። እንግዲህ «ሳይለወጥ የኖረ» የተባለው ነገር የስሙን ፊደል የለወጠው እኛ ማይጨው ላይ በተዋጋንበት ዓመት ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት ቴኳንዶም አያመልጥም። ሁለት ሺህ ዓመት ሆነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስሙ የወጣው በ1955 ነው። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ሥር ስለነበረች ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ካራቴ የተማሩ ናቸው። ይህን ስል የሚቆጡ የድሮ ጓደኞች አሉኝ። ይቆጡ።

ስለ ቀበቶ ብዙ አልልም። ነጭ ቀበቶ ሳይታጠብ ኖሮ በላብና በአቧራ ጠቆረ የሚለው ተረት ነው፤ ልብሱ እየታጠበ ቀበቶው የሚቆሽሽበት ምክንያት የለም። የዳን ደረጃን ወደዚህ ያመጣው የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ጎ ከሚባለው የጃፓን የጠጠር ጨዋታ ነው፤ ገበጣ ተጫዋችን በማዕረግ እንደመለየት በሉት። ጥቁር ቀበቶ መታጠቅ የተጀመረው በ1886 አካባቢ ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ የሚሄደው ግን የተስፋፋው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ በተለይ ካዋይሺ ሚኪኖሱኬ በ1930ዎቹ ፓሪስ ሲያስተምር። የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ «ሾዳን» ይባላል። ትርጉሙ «የመጀመሪያ ደረጃ» ነው። ስሙ ራሱ መጀመሪያ የሚለውን ጽሑፉ መጨረሻ አለው። በእኛ የቆሎ ትምህርት ቤት ብናስበው፣ ጥቁር ቀበቶ ማለት ዳዊት የደገመ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ገና አልገባም።

ምስጢራዊ ኃይል የሚለው ላይ ግን ልቆይ። ጽሑፉ ማስረጃ ብሎ ያመጣው የአንድ ጃፓናዊ ቀስተኛ ታሪክ ነው። መምህሩ በድቅድቅ ጨለማ ይወረውራል። የመጀመሪያው ፍላጻ መሀሉን ይመታል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከኋላው ሰንጥቆት ይገባል። የወረወረውም ሰውየው ሳይሆን «ያ» ነው ይባላል። «ያ» ማን እንደሆነ አይነገርም። ጽሑፉ እዚህ ጋ ርኩስ መንፈስ መሆኑን ጠቆም አድርጎ ያልፋል።

ታሪኩ የመጣው ከአንድ ሰው ነው። ኦይገን ሄሪግል የሚባል ጀርመናዊ የፍልስፍና መምህር። ከ1924 እስከ 1929 ሰንዳይ በተባለች የጃፓን ከተማ አስተማረ። እዚያም አዋ ኬንዞ ከሚባል ቀስተኛ ተማረ። በ1948 ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ዓለምን ዞረች። ብዙ ፈረንጅ ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍና የፍልሚያ ጥበብ አንድ ነገር ናቸው ብሎ የያዘው ከእሷ ነው።

ያማዳ ሾጂ የተባለ ጃፓናዊ ምሁር ነገሩን ከሥሩ መረመረው። ሄሪግል ጃፓንኛ አይችልም ነበር። ትምህርቱን የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። የአዋ ንግግር ደግሞ ለአገሬውም ግራ የሚያጋባ ስለነበር አስተርጓሚው እንደመሰለው እያቃና ይተረጉም ነበር። አዋ ራሱ የዜን ተከታይ አልነበረም። የራሱን መንገድ ሊያቋቁም የሚጥር፣ ብዙ ቀስተኞችም የማይስማሙበት ሰው ነበር። በዚያች የጨለማ ምሽት ደግሞ አስተርጓሚ አልነበረም። መምህሩና ጀርመናዊው ብቻቸውን ነበሩ። አዋ ስለ ሁለተኛው ፍላጻ ሲጠየቅ አጋጣሚ ነው ማለቱ ተመዝግቧል። «ያ ወረወረ» የሚለው ዝነኛ አባባልስ? ያማዳ እንደሚገምተው፣ መምህሩ ጥሩ ሲወረወር «እሱ ነው! እንደሱ!» ብሎ ያመሰገነው ሊሆን ይችላል። የተማሪው ጆሮ «እሱ»ን ሌላ አካል አደረገው።

እስቲ ወደ እኛ አምጡት። አንድ ፈረንጅ በገና ሊማር መጣ እንበል። መምህሩ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» ይሉታል። እሱ አገሩ ገብቶ «ኢትዮጵያውያን በገናውን የሚደረድረው እንዲህ የሚባል መንፈስ ነው ብለው ያምናሉ» ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉ ይሸጣል። ከሰባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በትርጉም ያነቡታል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ በገና የርኩስ መንፈስ መሣሪያ ነው ብሎ ይጽፋል። የሆነው ይኸው ነው።

ምስጢራዊ የውስጥ ኃይል እየተባለ የሚወራለት «ቺ» የሚለው ቃልም ይሄው ዕጣ ደርሶበታል። ቻይናውያን ቃሉን ስለ አየር፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ንዴት ሲያወሩ ሁሉ ይጠቀሙበታል። እኛም ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ እያልን ከአንድ ሥር እንቀዳለን። «ትንፋሼ ተቆራረጠ» ያለን ሰው አስማት አወራ አንለውም።

ውሸታም የለም እያልኩ ግን አይደለም። ሞልቷል። በ1900 በቻይና የተነሡት ቦክሰሮች የተባሉት አመፀኞች ጥይት አይነካንም ብለው አምነው ብዙዎቹ አለቁ። ዛሬም ሳይነካ ተማሪዎቹን የሚያንከባልል «ማስተር» ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም። ተማሪዎቹ ደግሞ ሲወድቁ እንዴት ያምርባቸዋል!

ይህ ወደ ኤምኤምኤ ያመጣናል። ጸሐፊው እንደሚለው በ1993 አሜሪካ ዴንቨር ላይ ዩኤፍሲ የሚባለው የኤምኤምኤ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የእስያ ማርሻል አርት ቀብር ሆነ። ማን አሸነፈ? ሮይስ ግሬሲ፣ ብራዚላዊ። በምን አሸነፈ? በጁጂትሱ። ጁጂትሱን ለግሬሲ ቤተሰብ ማን አስተማረ? በ1914 ብራዚል የገባው ማኤዳ ሚትሱዮ፣ የካኖ ጂጎሮ ቤት ተማሪ። ቀባሪ የተባለው ልጃቸው ነው እንግዲህ። በ2009 ደግሞ ካራቴን ከአባቱ የተማረው ሊዮቶ ማቺዳ በዚያው ዩኤፍሲ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል።

ጽሑፉ በ2017 ቻይና ውስጥ ሹ ሻዎዶንግ የተባለ የኤምኤምኤ ተፋላሚ ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና ማርሻል አርት የሚያስተምር አንድ ሰው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መዘረሩንም ያነሣል። እውነት ነው። እኔም ሳየው ስቄያለሁ። ግን የመታውም የተመታውም ቻይናዊ ነው። አስመሳዮችን ያጋለጠው ፈረንጅ ሳይሆን የአገሩ ልጅ ነው። ደግሞም ጠዋት ጠዋት በየመናፈሻው የምናየው ባለ 24 እንቅስቃሴው ታይ ቺ በ1956 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ለሕዝብ ጤና አሳጥሮ ያዘጋጀው ነው። እሱን ቀለበት ውስጥ ከትቶ ተሸነፈ ማለት እስክስታን በሩጫ ሰዓት እንደመለካት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ስግደት።

ጃፓኖቹ «ሬይ» ይሉታል። ጨዋነት፣ አክብሮት፣ ሰላምታ ማለት ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው የሰጠው፣ ጎንበስ ማለትን የሚገልጽ። ወደ አማርኛ ሲመጣ ጸሐፊው ከፊቱ ብዙ ቃል ነበረው። ጎንበስ ማለት አለ። ሰላምታ አለ። እጅ መንሣት አለ። ከሁሉም ከባዱን መረጠ። የእኛ ሊቃውንት እንኳ ስግደትን ይለያሉ፤ የአምልኮት አለ፣ የጸጋና የአክብሮት አለ። እሱ ግን ይህን ሁሉ ዘሎ ባዕድ አምልኮ ላይ ደረሰ።

ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር» እንላለን። «በእግዜር» ይሉናል። የአያቶቻችንን ጉልበት እንስማለን። ዕቃ በሁለት እጅ እንቀበላለን። አንድ እንግዳ ይህን አይቶ «እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ ያመልካሉ» ቢል ምን እንለዋለን? «ሰንሰይ» የሚለውንም ጽሑፉ «መንፈሳዊ ጌታ» አድርጎታል። ቃሉ ሲፈታ «ቀድሞ የተወለደ» ነው። ጃፓን ውስጥ ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ የሒሳብ አስተማሪም ሰንሰይ ይባላል። የኔታ በሉት።

ጁዶ ውስጥ ተጋጣሚዎች እርስ በርስ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ምክንያቱ በጣም ምድራዊ ነው። እኔ አንተን አንሥቼ ወለል ላይ ልጥልህ ነው። አንተም ፈቅደህ ሰውነትህን አበደርከኝ። ስትወድቅ ጭንቅላትህ እንዳይመታ እጅጌህን ይዤ እደግፍሃለሁ። ከዚያ ተራው የእኔ ነው። ጎንበስ ማለቱ ይህ ጠብ እንዳልሆነ የምንፈራረምበት ነው። ካኖ ለጁዶ ካስቀመጣቸው ሁለት መርሖች አንዱ እርስ በርስ መጠቃቀም የሚል ነው። ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው በአስተማሪነት ነው። በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። በ1938 የሞተውም ካይሮ ላይ ከተደረገው የኮሚቴው ስብሰባ ሲመለስ፣ መርከብ ላይ ነው።

ይህ ሰላምታ ምን እንደሚሠራ በደንብ የታየው በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ዓመት። ክብደት በማይለይበት በክፍት ሚዛኑ ፍጻሜ የሆላንዱ አንቶን ጊሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋ አኪዮን ምንጣፉ ላይ ይዞ አስቀረው። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ጊሲንክ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። ገና ሰላምታው አልተሰጠም ነበር። ጃፓኖች ከሽንፈታቸው ይልቅ ያቺን እጅ ሲያወሩ ኖረዋል። እሷ ውስጥ የትኛው ጣዖት እንዳለ ጸሐፊው ይንገረኝ።

ጸሐፊው ግን ጨርሶ ከሜዳ ውጭ ነው አልልም። ብዙ የጃፓን አዳራሾች ግድግዳ ላይ የሺንቶ፣ የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ ትንሽ መቅደስ አለ። ሱሞ የሚባለው የጃፓን ትግል ያለ ሃይማኖቱ አይገባም፤ ጨው ይበተናል፣ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጣሪያ የመቅደስ ጣሪያ ቅርጽ ነው። የታይላንድ ቦክሰኞችም ከግጥሚያ በፊት ለመምህራቸው ክብር የሚጨፍሩት ጭፈራ አላቸው፤ ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት የተባረከ ጥምጥም አለ። ጽሑፉ እነዚህን አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብደኝ ነበር። አላነሣቸውም። ያነሣው የጁዶና የቴኳንዶን ሰላምታ ነው። በኦሎምፒክ የግብፅም የኢራንም ጁዶ ተጫዋቾች እንዲህ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። እኔ በተማርኩበት የቀበሌ አዳራሽ ደግሞ ግድግዳው ላይ የነበሩት ሁለት ባንዲራዎች ናቸው፤ የእኛና የኮሪያ። ከሥራቸው የተሰበረ መስኮት ነበር። ክረምት ክረምት ብርዱ ሌላ ነው።

ወዳጄ ልጁን ገና አላስመዘገበም። ቅዳሜ አብረን ሄደን አዳራሹን ልናይ ተቀጣጥረናል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ እጅ ሲነሡ አስተማሪው መልሶ እጅ ይነሣ እንደሆነ። ካልነሣ ሌላ አዳራሽ እንፈልጋለን። ጸሐፊውን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልለምነው። ሻውሊኑንም፣ ገበሬዎቹንም፣ ቀበቶውንም እንዳለ ይተወው። ጽሑፉ ውስጥ ግን «ይሰግዳሉ» የሚል ቃል ሰባት ቦታ ቆጥሬያለሁ። ሰባቱን ቦታ «እጅ ይነሣሉ» ብሎ ያርምልኝ።